ሁሉንም «አዎ» ያለው ተከሳሽ

በአውስትራሊያ ሰሜናዊ ግዛት፣ ዳርዊን ውስጥ፣ በአንድ የሕግ ድጋፍ ቢሮ መዝገብ አደራጅ ሆኜ እሠራለሁ። አለቃዬ እዚያው ግዛት ካለው ከአርነም ላንድ የመጣች፣ ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የዮልንጉ ተወላጅ ጠበቃ ናት።

አንድ ቀን የመኪና ስርቆት ክስ ቀረበልን። ተከሳሹ ከሩቅ መንደር የመጣ ወጣት ሲሆን፣ በፖሊስ ምርመራ ጥፋቱን አምኗል ይላል መዝገቡ። በጽሑፍ የተገለበጠው ቃሉ ጥያቄና «አዎ»፣ ጥያቄና «አዎ» እያለ ይቀጥላል። ማንም ቢያነበው ያለቀለት ጉዳይ ነው የሚለው።

ጠበቃዋ ግን ድምፁን ካልሰማሁ አለች። አብረን ሰማን። መርማሪው «ለመናገር እንደማትገደድ ገብቶሃል?» ይለዋል። «አዎ።» «ታዲያ የምጠይቅህን የመመለስ ግዴታ አለብህ?» «አዎ።» መርማሪው ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ስርቆቱ አለፈ።

«ልጁ ሰውየውን ላለማስቀየም ነው የሚመልሰው» አለችኝ ድምፁን አቁማ። «እያንዳንዱን ዝምታ ከነሰከንዱ ጻፍልኝ።»

ጻፍኩ። ልጁ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ባለ ቁጥር ጥያቄው መልሱን አዝሎ ይመለሳል፦ «ይዘሃት የሄድከው አንተ ነህ፣ አይደል?» የመጀመሪያው ግልባጭ ላይ ከዝምታዎቹ አንዱም አልነበረም። እኔም ታላቅን ዓይን ለዓይን እያዩ መመለስ ድፍረት በሚባልበት ቤት ስላደግሁ ዝምታው አልገረመኝም። የነባሩ ሕዝብ ፍርሃት ግን ከአክብሮት ያለፈ ነው። በቀድሞው ዘመን ልጆቻቸውን ከእናቶቻቸው እየነጠቁ ሲወስዱ ከነበሩት መካከል ፖሊሶች ነበሩ፤ በዩኒፎርም ፊት ቶሎ መስማማት ከክፍሉ ቶሎ የመውጫ መንገድ ሆኖ ኖሯል።

በማግስቱ አንዲት አረጋዊት አስተርጓሚ መጡ። ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ፖሊሱ ስለ መብቱ የነገረውን በራሱ ቋንቋ እንዲደግምላቸው ጠየቁት። «ካልተናገርኩ እዚያው እንደሚያሳድረኝ ነው የነገረኝ» አላቸው። ዐቃቤ ሕጉ ይህንና የሰከንዶቹን ዝርዝር ካየ በኋላ ቃሉን በማስረጃነት ማቅረቡን ተወ።

የሚያናድደኝ ነገሩ አዲስ አለመሆኑ ነው። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1976 የአኑንጋ ደንቦች የተባሉትን መመሪያዎች አውጥተዋል። እንግሊዝኛ በደንብ ለማይችል የነባሩ ሕዝብ ተወላጅ አስተርጓሚ ይቅረብ፤ «ገባህ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፣ ለመናገር እንደማይገደድ የሚነገረውን ማስጠንቀቂያ ሐረግ በሐረግ በራሱ አነጋገር ያስረዳ፤ ጥያቄው መልሱን አይጠቁም፤ ሲደክመው አይመርመር፤ ውሃና ምግብ ይሰጠው ይላሉ። ይህ ሁሉ ተጽፎ ሳለ ዛሬም ከግዛቱ እስረኞች ከየአሥሩ ከስምንት በላይ የሚሆኑት የነባሩ ሕዝብ ተወላጆች ናቸው፤ ከነዋሪው ግን አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞሉም።

ጠበቃዋ ለፍትሕ ማሻሻያ በምታዘጋጀው ሰነድ ላይ የምትሟገተው በእንዲህ ያለው ዝርዝር ነው። በፍርድ ቤት አዳራሽ የነባሩ ሕዝብ ሥዕል መሰቀሉን አትጠላም። ሆኖም ሥዕል ብቻውን አይበቃትም፦ «ባህላዊ ደኅንነት» የሚባለው ሐሳብ ከኒው ዚላንድ የማኦሪ ነርሶች፣ በተለይም ከኢሪሃፔቲ ራምስደን የመጣ ነው፤ አገልግሎቱ ደኅንነት የሚሰጥ መሆኑን የሚፈርደው ተገልጋዩ እንጂ ሰጪው አይደለም። በዚያ ሚዛን የእኛ ልጅ የተመረመረበት ክፍል አያልፍም።

ግዛቱ የወንጀል ተጠያቂነት ዕድሜን በ2023 ከ10 ወደ 12 ከፍ አድርጎ ነበር፤ በ2024 መንግሥት ሲቀየር ተመልሶ 10 ሆነ። በዚያ ሳምንት ጠበቃዋ በሰነዷ ላይ አንድ አንቀጽ ጨመረች፦ ሕፃን በሚመረመርበት ጊዜ አስተርጓሚውና ሕፃኑ ራሱ የጠራው ዘመዱ ሳይቀመጡ የመጀመሪያው ጥያቄ አይጠየቅ፤ ማስጠንቀቂያውን በራሱ ቋንቋ መድገሙም በድምፅ ይቀረጽ።