ከልጣጭ እስከ ዱባ፦ ኮምፖስትና ንብ ለልጆች

ኮምፖስትን፣ ማለትም ልጣጭና ቅጠል በስብሶ የሚሆነውን ማዳበሪያ፣ ለልጆች ማስተማር የሚከብደው ጊዜ ስለሚወስድ ነው። ሦስት ወር ለሰባት ዓመት ልጅ ማለቂያ የለውም። ስለዚህ በየሳምንቱ በእጁ የሚሠራው፣ በአፍንጫው የሚለየው ነገር ያስፈልገዋል።

ክዳን ያለው 20 ሊትር ባልዲ ይበቃል። ከታችና ከጎን 15 ያህል ቀዳዳ ይበሳ፤ መብሳቱ የአዋቂ ሥራ ነው። ከሥሩ አራት ጣት የሚሆን ደረቅ ቅጠል ይነጠፍ። ከዚያ በኋላ አንድ እፍኝ የአትክልት ልጣጭ በገባ ቁጥር ሁለት ወይም ሦስት እፍኝ ደረቅ ነገር ይከተለው፤ የተቀዳደደ ካርቶን፣ ገለባ ወይም የረገፈ ቅጠል ይሆናል። መለኪያው የልጁ የራሱ እፍኝ ይሁን፣ እንዲህ ሲሆን አይረሳውም። ሥጋ፣ ወተትና ዘይት አይጥ ይጠራሉ፤ የውሻና የድመት ዓይነ ምድር ደግሞ በሽታ ይዞ ይመጣል፤ አንዳቸውም አይገቡም። ፍሬ ያዘለ አረምም ይቅር። የኮምፖስት ክምር ዘር የሚገድል ሙቀት (ከ55 ዲግሪ በላይ) የሚያወጣው አንድ ሜትር ኩብ ያህል ሲሆን ነው፤ ባልዲ እዚያ አይደርስም።

በየሳምንቱ ይገላበጥ፤ ያኔም ልጁ ጓንት አድርጎ አንድ እፍኝ አንሥቶ ይጭመቀው። አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣው ልክ ነው። ውሃው ከወረደ ካርቶን ይጨመር፣ ከተበታተነ ውሃ ይረጭ። ቀጥሎ ይሽተተው። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷልና እንደገና ይገልብጠው። አፍንጫ የሚሰነፍጥ የአሞኒያ ሽታ ካለው ልጣጩ በዝቷል፣ ደረቅ ይጨመር። ልጆች ይህን ምርመራ ከአዋቂ በላይ ይወዱታል፤ አትንጠቋቸው።

ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ልጣጩ ከአፈሩ መለየት ያቅታል፣ ሽታውም ዝናብ የነካው መሬት ይሆናል። ቶሎ የሚበቅል ዘር 10 በኮምፖስቱ፣ 10 በተራ አፈር ይዝሩ። የኮምፖስቱ ጥቂት ብቻ ከበቀለ ገና አልበሰለምና ጥቂት ሳምንታት ይቆይ።

የበሰለውን አንድ እጅ ከሁለት እጅ አፈር ጋር ቀላቅላችሁ ዱባ ትከሉበት። ንብ ብናኝ ከወንዴ አበባ ወደ ሴቴ አድርሳ ፍሬ እንዲያዝ የምታደርገውን ለልጆች ለማሳየት ከዱባ የተሻለ ተክል የለም፤ አበባው ትልቅ ነው፣ ወንዴና ሴቴውም ለየብቻ ናቸው። ሴቴዋ ከሥሯ የጣት ጫፍ የምታክል ድቡልቡል ፍሬ አላት፤ ወንዴው በቀጭን ዘንግ ላይ ብቻውን ይቆማል። የምትፈነዳው ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው። ጫፏ ቢጫ መሆን የጀመረ ሴቴ በዋዜማው ምሽት ፈልጋችሁ በስስ መረብ ሸፍኑ፤ ሌላዋን ክፍት ተዉ። ለሦስተኛዋ፣ እሷንም በዋዜማው ሸፍናችሁ፣ ጠዋት ልጁ ገልጦ የወንዴውን ብናኝ በእጁ ይቀባትና መልሳችሁ ሸፍኗት። በሳምንት ገደማ የመጀመሪያዋ ፍሬ ቢጫ ሆና ተሟሽሻ ትወድቃለች። ንቦች የጎበኟት ትወፍራለች፤ በልጁ እጅ የተቀባችውም እንዲሁ። ከወፈረችም አንድ ጎኗ ከጎበጠ ብናኙ አንሷታል ማለት ነው።

አሁን አንድ ጥንቃቄ፣ ብዙዎች የሚስቱት። በዓለም ላይ ካሉት ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያዎች አብዛኞቹ ጎጇቸውን የሚሠሩት መሬት ቆፍረው ነው። መሬቱን ሁሉ በኮምፖስት ከሸፈናችሁ መግቢያ ያጣሉ። ፀሐይ የሚያገኘው አንድ ካሬ ሜትር ያህል ባዶ ይቅር፣ አይቆፈር። አጠገቡ ጠጠር የሞላበት ጠፍጣፋ የውሃ ሳህን አኑሩ፤ ጠጠሩ ከውሃው በላይ ካልወጣ ንቡ ይሰምጣል፣ ውሃው በየሁለት ቀኑ ካልተለወጠ ትንኝ ይራባበታል። አበባ ላይ ምንም ፀረ ተባይ አይረጭ።

ልጆቹን ከአበባው አንድ ክንድ አርቃችሁ አስቀምጡና ለ10 ደቂቃ የመጣውን ሁሉ ይቁጠሩ። በንብ ንድፊያ ሰውነቱ የሚቆጣ ልጅ መኖሩን አስቀድማችሁ ወላጆችን ጠይቁ። ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው ሁሉ ንብ አይደለም፤ ሁለት ክንፍና አጭር ቀንድ ያለው ዝንብ ነው፣ ንብ ግን አራት ክንፍ አላት። ዝንቡም ብናኝ ያመላልሳልና በሌላ ዓምድ ይጻፍ።