የፍሉ ክትባት ትከሻዬን ሲጎዳው ካሳ ያገኘሁበት መንገድ

ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያንን እንከባከባለሁ፣ ሥራው ማንሳትና ማገላበጥ ነው። የፍሉ ክትባት ተወጉ ተባልን። ፋርማሲ ውስጥ የወጋኝ ልጅ መርፌውን ወደ ላይ፣ አጥንቱ ጥግ ሰካው። ሌሊቱን በዚያ ጎን መተኛት አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ነጠላዬን እንኳ የምጥለው በአንድ እጄ ሆነ።

ፋርማሲውን መክሰስ ነበር ያማረኝ። ለካ አሜሪካ ውስጥ መንገዱ ሌላ ነው። በ1986 በወጣው ሕግ መሠረት ማመልከቻው ዋሽንግተን ዲሲ ላለው የፌዴራል የካሳ ፍርድ ቤት ይገባል፣ ተከሳሹም የጤና ሚኒስትሩ ነው። ልጁ አጥፍቷል ብሎ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። ክፍያው የሚመጣው ከክትባቶች ላይ ከሚሰበሰብ ግብር ነው፤ ከፍሉ መርፌ 75 ሳንቲም።

ጉዳቱን ጠበቆች «ሲርቫ» ይሉታል፣ ከ2017 ጀምሮ በካሳው ሰንጠረዥ ውስጥ፣ ማለትም ካሳ በሚያሰጡ ጉዳቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። ሕመሙ በ48 ሰዓት ውስጥ መጀመር፣ ትከሻው ላይ ብቻ መሆን፣ ከክትባቱ በፊት እዚያ ቦታ ችግር አለመኖሩ፣ ጉዳቱም ከ6 ወር በላይ መቆየቱ ይታያል።

ይህ ሁሉ የሚታየው ደግሞ ከሕክምና ማህደር ነው። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ይጎዳል። ሐኪሟ «እንዴት ነሽ?» ስትል «ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እንላለን፣ እሷም «ታካሚዋ ደህና ናት» ብላ ትጽፋለች፣ የመንግሥት ጠበቃ ያቺን መስመር ፈልጎ ያወጣታል። ምስጋናውን ለቤተ ክርስቲያን አቆዩት። መቼ እንደተወጋችሁ፣ በየትኛው ክንድ፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ ተናገሩና መጻፉን አረጋግጡ። የተወጋሁበት ክንድ በፋርማሲው ወረቀት ላይ በትክክል መስፈሩ በጣም ጠቀመኝ። የቀረሁባቸውን ሺፍቶች የሚያሳይ የደመወዝ ወረቀትም ተቆጥሮልኛል።

ጠበቃ እንዳያስፈራችሁ። የጠበቃውን ክፍያ ፍርድ ቤቱ ይወስናል፣ ከዚሁ የካሳ ፕሮግራም ለብቻው ይከፈላል፤ ጉዳዩ በቅን ልቦናና በበቂ ምክንያት ከቀረበ ብትሸነፉም ሊከፈል ይችላል። ከካሳችሁ ፐርሰንት እቆርጣለሁ የሚል ካጋጠማችሁ ተነስታችሁ ውጡ፣ ክልክል ነው።

የእኔ በስምምነት አለቀ፣ ግን ትዕግሥት ይጨርሳል። ለሕመምና ለስቃይ የሚከፈለው ጣሪያው 250,000 ዶላር ነው፣ ብዙ ሰው ግን እዚያ አይደርስም። ሕመሙ ከጀመረ 3 ዓመት ሳይሞላ ማስገባት ግድ ነው። የኮቪድ ክትባት ከሆነ ግን ወደዚህ አትምጡ። እሱ የራሱ ፕሮግራም አለው፣ ጊዜው ከተወጋችሁ 1 ዓመት ብቻ፣ የጠበቃም የስቃይም ገንዘብ አይከፍልም።