የአያቴ ጋቢ ድብ እስኪሆን

አያቴ ስታርፍ ከዕቃዎቿ ለእኔ የደረሰኝ ጋቢዋ ነው። ዳርና ዳሩ አልቋል፣ መሃሉ ግን ደህና ነው። ሳጥን ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ልጄ አራት ዓመት ሊሞላት ሲል፣ ለምን ከዚህ ጋቢ ቴዲ ቤር፣ የጨርቅ ድብ አሻንጉሊት፣ አልሠራላትም አልኩ።

ግን ጋቢው አንድ ነው። ከተበላሸ ምትክ የለውም። እኔ ደግሞ ቁልፍ ከመትከልና ሱሪ ከማሳጠር ያለፈ ስፌት አላውቅም ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ በሌላ ጨርቅ እጄን ላፍታታ ብዬ ቅዳሜ ጠዋት መርካቶ ወረድኩ።

ብትን ጨርቅ የሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ ዓይኔ ያረፈበትን አነሳሁ። ቡናማ ከፋይ። ያብረቀርቃል፣ ሲዳስሱት ልስልስ ይላል። ምንም ሳልጠይቅ አንድ ሜትር አስቆረጥኩ።

ከፋይ ለጀማሪ አይሆንም። ይህን ዛሬ በሙሉ ልቤ እናገራለሁ። ሁለት ቁራጭ ፊት ለፊት ገጥማችሁ ስትሰፉት ፀጉሩ እርስ በርስ ይገፋፋል፣ ላይኛው ከታችኛው ይሸሻል። በስፒል ይዤው እንኳ ስፌቱ መጨረሻ ስደርስ ግማሽ ሳንቲም ተዛንፎ አገኘሁት። ልተርትረው ስል ደግሞ የመርፌው ምልክት ቀረ። ከዚህ የባሰው የፀጉሩ አቅጣጫ ነው። እጃችሁን በአንድ በኩል ስትሰዱት ይተኛል፣ በሌላው በኩል ስትሰዱት ይቆማል። እኔ ጨርቅ ልቆጥብ ብዬ አንዱን እግር ገልብጬ ቆርጬ ነበር። ድቡ ተሰፍቶ መስኮት አጠገብ ሳስቀምጠው አንዱ እግር ጠቆር፣ ሌላው ፈካ አለ። ሁለቱም ከአንድ ጣቃ የወጡ ናቸው እኮ! ከዚያ ወዲህ ፀጉር ያለው ማንኛውም ጨርቅ እጄ ሲገባ፣ ከመቀስ በፊት በደረቅ ሳሙና ጀርባው ላይ ቀስት አሰምራለሁ። ቀስቱ ፀጉሩ ወደሚተኛበት ያመለክታል። ሁሉም የድቡ ክፍል በዚያው አቅጣጫ ይቆረጣል።

ሁለተኛውን ከሰልባጅ ሹራብ ሠራሁት። ሹራብ ይለጠጣል። ሆዱን ስሞላው አበጠ፣ አንገቱ ጭንቅላቱን መሸከም አቃተው። እሱን በዚሁ ልለፈው።

ያኔ ነው ሁለቱን ድቦች በፌስታል ይዤ ሰፈራችን ውስጥ ያሉ አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ልብስ ሰፊ ዘንድ የሄድኩት። ጋሼ ምንም አላሉኝም። ከጠረጴዛቸው ሥር ቁራጭ ጨርቅ አንስተው በሁለት አውራ ጣታቸው ያዙና በቁመቱ ሳቡት። ንቅንቅ አላለም። በወርዱ ሳቡት። ትንሽ ሰጠ። ከዚያ በሰያፍ፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሳቡት። እንደ ላስቲክ ተሳበ። «አየሽ ልጄ፣ ድሩ ይጠብቃል፣ ማጉ ትንሽ ይለቃል፣ በሰያፍ ግን ሁሉም ይሸሻል። ጨርቅ በዓይን አይገዛም» አሉኝ። ቀጥለው የእኔን ከፋይ ገለበጡና ጀርባውን አሳዩኝ። እኔ እስከዚያ ቀን የጨርቅ ጀርባ አይቼ አላውቅም።

ቤት ገብቼ ሳነብ ነገሩ ይበልጥ ገባኝ። ቴዲ የሚለው ስም ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ከቴዎዶር ሩዝቬልት የቁልምጫ ስም የመጣ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ሚሲሲፒ ውስጥ አደን ወጥተው የታሰረ ድብ አልተኩስም አሉ። በዚያው ዓመት ጀርመን ውስጥ ሪቻርድ ሽታይፍ እጅና እግሩ የሚንቀሳቀስ ድብ ነደፈ። ያ ድብ የተሠራው ከሞሄር ነበር፣ ከአንጎራ ፍየል ፀጉር። ሞሄሩ ፊቱ ፀጉር ነው፣ ጀርባው ግን ጥብቅ ብሎ የተሸመነ ጨርቅ ነው። የድቡን ቅርጽ የሚይዘው ጀርባው ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ ፊቱን ነበር የምመርጠው።

ሦስተኛውን ከፍሊስ ሠራሁ፤ የሕፃናት ብርድ ልብስ ከሚሠራበት ከዚያ ለስላሳ ጨርቅ። ለጀማሪ ከሁሉ የምመክረው ይህንን ነው። ቢቆረጥ ጫፉ አይተረተርም። ፀጉሩ አጭር ቢሆንም የስፌት ጥፋት ይሸፍናል። ወርዱ 1.50 ሜትር ከሆነ ግማሽ ሜትር 30 ሳንቲም ለሚሆን ድብ ከበቂ በላይ ነው። እሱም ቢሆን በወርዱ ይለጠጣል። ሁሉንም ክፍል በአንድ አቅጣጫ ካልቆረጣችሁ አንዱ እጅ ይረዝማል። የጋለ ካውያ ደግሞ አታስጠጉት፣ ፕላስቲክ ነውና ይቀልጣል። ውስጡን በትራስ ፋይበር ሞላሁት። ጥጥም ሞክሬ ነበር፣ ግን ሲታጠብ ይጓጉላል፣ ቶሎም አይደርቅም። ዓይኑን በጥቁር ክር ጠለፍኩት። ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት ቁልፍ መትከል አልፈለግሁም፤ ተነቅሎ ጉሮሮ ውስጥ ይገባል።

ከዚያ ወደ ጋቢው ተመለስኩ።

በመጀመሪያ መብራት ላይ ዘርግቼ አየሁት። ጋቢ አራት ድርብ ነው። አንዱን ድርብ ለይቼ ሳየው ጣቶቼ በማጉ መካከል ይታያሉ። በዚህ ላይ ፋይበር ቢሞላበት በየክሩ መካከል ብቅ ብቅ ይላል። ስለዚህ ከአራቱ ሁለቱን ድርብ አብሬ ተውኩ፣ ከሥሩ ደግሞ አቡጀዲ ገበር አደረግሁ። አቡጀዲውን አስቀድሜ በሙቅ ውሃ አጠብኩት። አዲስ ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ጋቢው ግን ስንት ዓመት ታጥቦ የሚሰበሰበውን ተሰብስቧል። ሳይታጠብ ቢሰፋ ኖሮ በመጀመሪያው እጥበት ድቡ ይጨማደድ ነበር። እያንዳንዱን ክፍል ከገበሩ ጋር ዙሪያውን ሰፋሁት፣ ከዚያ በኋላ እንደ አንድ ጨርቅ ቆጠርኩት። የስፌቱን ህዳግ ግማሽ ሳንቲም ሳይሆን አንድ ሳንቲም ተውኩ። የእጅ ሽመና ጫፉ ይመዘዛል፣ ጠባብ ህዳግ ይበላል።

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። መጀመሪያ መቀሱን ሳሳርፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋቢው እስከ አሁን የአያቴን ሳጥን፣ የአሪቲውን ሽታ ይዟል። ከቀጭኑ ጥለት ያልተበላችውን ቁራጭ አውጥቼ ከሁለቱ መዳፎች ሥር ለጠፍኳት።

ልጄ ድቡን ስትቀበለኝ መጀመሪያ ያደረገችው አፍንጫዋን ሆዱ ላይ መቅበር ነው። «ምን ምን ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ አያቴ ያን ምሽት እስክትተኛ አወራኋት።

ከጋቢው ሌላ አንድ ድብ የሚወጣው ቀርቷል። ወንድሜ በመጋቢት ልጅ ይወልዳል። አቡጀዲውን ዛሬ አጥቤ አስጥቻለሁ።