17 ጊጋ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኛል። ምክንያት አልፈልግለትም፣ ሐምሌ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ፋይናንሶች የዓመቱን ሒሳብ ለመዝጋት ይጨቃጨቃሉ፣ እኔ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ጃኬቴን እስከ አገጬ ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ውጭም ብርድ፣ ውስጥም ብርድ።

የሁላችንም ፋይል የሚቀመጥበት የሰርቨሩ ዲስክ ቀይ ካበራ አራት ቀኑ ነው። ከ2 ቴራው የቀረው 11 ጊጋ ነው። 2 ቴራ የምንለውም በልማድ ነው። ሻጩ በ1000 እያባዛ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024፣ ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የሚታየው 1.81 ነው። ይህን ለአለቃዬ ሳስረዳው ትንሽ አሰበና "ታዲያ ቀሪውን ማን ወሰደው?" አለኝ። መልስ አልሰጠሁም።

አዲስ ዲስክ ይገዛ ብል ሦስት ፕሮፎርማ፣ ከዚያ ግዥ ኮሚቴ፣ ከዚያ እንቁጣጣሽ። ስለዚህ ማጽዳት ነው ያለን። ሰኞ ዕለት በቢሮው የቴሌግራም ግሩፕ አንድ ማስታወቂያ ለጠፍኩ። "የግል ፋይሎቻችሁን እስከ ሐሙስ 11 ሰዓት ካላነሳችሁ ለሚጠፋው ንብረት ክፍሉ ኃላፊነቱን አይወስድም።" አሁን መልሼ ሳነበው የቀበሌ ማስታወቂያ ይመስላል። ክፍሉ ማለት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። አንድ አውራ ጣት ደረሰኝ። ያነሳ ሰው የለም።

ሐሙስ ዛሬ ነው። ራሴ ገባሁበት። ፎልደሮችን በትልቅነታቸው የሚደረድር ፕሮግራም አስነሳሁና ከላይ ወደ ታች መውረድ ጀመርኩ። የሰው ጓዳ ውስጥ እንደመግባት ነው። የሚካኤል ዕለት መልካም ምኞት ሥዕል፣ ያው አንዱ ሥዕል፣ ሰባት ሰው ጋ። "ደመወዝ_ፋይናል"፣ "ደመወዝ_ፋይናል_የመጨረሻ"፣ "ደመወዝ_ፋይናል_የመጨረሻ_ይሄኛው"። ትክክለኛው ሦስተኛው እንዳይመስላችሁ። ፋይናንስን "የቱን ላጥፋ?" ብላቸው መልሳቸውን አውቀዋለሁ። "ተወው፣ ኦዲተር ቢጠይቅስ?"

ከዚያ "ኦዲት 2007" ውስጥ "አዲስ ፎልደር" የሚል አገኘሁ። ውስጡ አራት ቪዲዮ፣ ድምር 17 ጊጋ። ኦዲት 17 ጊጋ ቪዲዮ የለውም። ከፈትኩት።

የሰብሊ ሠርግ።

ሁላችንም ነበርን። እኔም አለሁበት፣ ሥጋው ጋ ቆሜ፣ ካሜራው ሲመጣ አፌ ሙሉ ነው። የጸጉሬ ብዛት! ያኔ የቢሮው ልጆች ለኮፒ ተሻምተን ነበር፣ ሰርቨሩ ላይ የተቀመጠውም ለዚያ መሆን አለበት። ትዳሩ ከፈረሰ ግን ሦስት ዓመት አለፈው። ቢሮ ውስጥ ስለሱ የሚያነሳ የለም። ቪዲዮው በዚያ ሁሉ ጊዜ ከቫት ሰነዶች ጋር ተኝቶ ነበር።

ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ደወልኩላት። ፎቅ ላይ ናት፣ ወጥቼ ብነግራት ይቀል ነበር፣ ግን ፊቷን ማየት አልፈለግሁም።

"ሰብሊ፣ ኦዲት 2007 ውስጥ አንድ ፎልደር…"

ዝም አለች። ከኋላዋ ፕሪንተሩ ይሰማል። ወዲያው ገብቷታል።

"አጥፋው።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አጥፋው አልኩህ እኮ።"

ቪዲዮዎቹን መረጥኳቸው። ጣቴ ቁልፉ ላይ እያለ ያቺ የማትረባ ሐሳብ መጣች። እኛ ማጥፋት የምንለው ነገር እኮ ማጥፋት አይደለም። ዲስክ ላይ ያለ ፋይል ሲጠፋ የሚነካው ማውጫው ነው። "ይህ ቦታ ክፍት ነው" ተብሎ ይጻፋል እንጂ ሙሽራዋም፣ ኬኩም፣ እኔና ሥጋዬም ሌላ ነገር እስኪጻፍብን ድረስ እዚያው ነን። መረጃ በረድፍ በረድፍ የሚደረደርበት ዳታቤዝማ ይብሳል። ሚሊዮን ረድፍ ሰርዘህ ፋይሉ አንዲት ጊጋ አይቀንስም። የለቀቀውን ቦታ ለሚመጣው ብሎ ይዞ ይቀመጣል። ባዶ ነው፣ ግን አይመልስልህም።

በ1956 እ.ኤ.አ. አይቢኤም ያወጣው የመጀመሪያው ዲስክ 50 ሳህን ነበረው፣ ከቶን በላይ ይመዝናል፣ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ነበር። ሠርጉን ቀርቶ የሙሽሮቹን አንድ ጥሩ ፎቶ አይችልም። ያኔ የነበረ ሰው ምን እንደሚያስቀምጥ ሳይወድ በግዱ ይመርጣል። እኛ ቦታው ስለበዛልን አንመርጥም፣ እናከማቻለን። ከዚያ አንድ ቀን አንዱ ብርድ የያዘው ሰውዬ ስልክ ደውሎ ምረጡ ይለናል።

አላጠፋሁትም። ወደ ራሴ ፎልደር አዛወርኩት። ለምን? እንጃ። ብትቆጭስ ብዬ ይሆናል። ወይም ጸጉሬን ብዬ።

ይህን ሁሉ ስፈላሰፍ ዝርዝሩን ጨርሼ እንኳ አላየሁትም ነበር። ያየሁት የሠራተኛውን ፎልደር ብቻ ነው። ከምሳ በኋላ የሒሳብ ዳታቤዙ ያለበትን ወገን ከፈትኩ። ሎግ ፋይሉ 340 ጊጋ!

ለማያውቅ፣ ሎጉ ዳታቤዙ የሠራውን ሁሉ በተራ የሚመዘግብበት ደብተር ነው። ለራሱ ለሎጉ ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ፣ ሲወሰድለት ያለፈው ገጽ ነጻ ይሆንና እላዩ ላይ ይጻፋል። ካልተወሰደለት ዝም ብሎ ያብጣል። እኔ በየሌሊቱ ዳታቤዙን ባክአፕ አደርጋለሁ፣ ሎጉን ግን ረስቼዋለሁ። ከመቼ ጀምሮ? ሰርቨሩን ከተከልኩበት ቀን ጀምሮ። ሠራተኛውን ሁሉ በሚካኤል ሥዕል ሳስጨንቅ፣ ሴትዮዋን ስለ ሠርጓ ሳስነሳባት፣ ቦታውን የበላሁት እኔ ነኝ።

ሎጉን ወደ ውጭ ዲስክ ባክአፕ ስወስድና ፋይሉን ሳሳጥር ማታ 2 ሰዓት ሆነ። 340 የነበረው 6 ጊጋ ላይ ቆመ። ቀዩ ሰማያዊ ሆነ። ግሩፑ ላይ የለጠፍኩትን ማስታወቂያ ላነሳው አስቤ ነበር፣ ግን ለምን አነሳኸው ብለው ቢጠይቁኝስ?

ጃኬቴን እያነሳሁ ሳለ ከሰብሊ መልእክት ገባ።

"አጠፋኸው?"

እውነቱን ልጻፍላት ካልኩ መልሱ ረጅም ነው። አንዱ ኮፒ እኔ ፎልደር ውስጥ አለ። ሦስት ደግሞ መሳቢያዬ ውስጥ፣ የሦስት ወር ባክአፕ ዲስኮች ላይ። "አዎ" ብል ውሸት ነው። "አላጠፋሁም" ብል ደግሞ ለምን ትለኛለች። ያ አጥፋው ያለችኝ ድምፅ ሌላ ነበር፣ ይቺ ጥያቄ ሌላ ትመስላለች። ወይ እኔ ነኝ በብርዱ የቃዠሁት።

"አዎ" ብዬ ጻፍኩ። ሳልልከው አጠፋሁት። ይኸኛው እንኳ በትክክል ጠፋ።

ስክሪኑ ላይ "እየጻፈች ነው" ይላል። ቆመ። እንደገና እየጻፈች ነው።