ከአሮጌ ሃርድ ዲስክ የወጣ ማግኔት

ዛሬ የተበላሸ ሃርድ ዲስክ ፈትቼ ማግኔቱን አወጣሁ። ትንሽ ነገር ነው፤ ከብረት ላይ ለማላቀቅ ግን ትግል ነው። ከዚያ ስለ አሠራሩ ሳነብ ዋልኩ።

ማግኔቱ ኒዮዲሚየም ከተባለ ብረታማ ንጥረ ነገር፣ ከብረትና ከቦሮን የተሠራ ቅይጥ ነው። አብዛኛው ክብደቱ ተራ ብረት መሆኑ አይገርምም? ከሱ በፊት ጉልበተኛው ማግኔት ሳማሪየም ኮባልት የተባለው ቅይጥ ነበር፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ግን የኮባልት ዋጋ ሰማይ ነካ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጃፓናዊው ማሳቶ ሳጋዋ እና የአሜሪካው መኪና አምራች የጄኔራል ሞተርስ ባልደረባ ጆን ክሮት በየፊናቸው አዲሱ ቅይጥ ላይ ደረሱ።

የማረከኝ የሳጋዋ መንገድ ነው። ቅይጡ ቅንጣቶቹ ጥቂት ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) እስኪሆኑ ይፈጫል። ዱቄቱ አየር ሲነካው ሊቀጣጠል ስለሚችል ከኦክስጅን ይጠበቃል። ከዚያ በኃይለኛ የማግኔት መስክ ውስጥ ይታመቃል፤ ቅንጣቶቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ቀጥሎ ከ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ሲወጣ ታዲያ ገና ማግኔት አይደለም! ቅርጹ ተስተካክሎ፣ እንዳይዝግ ተለብጦ፣ በመጨረሻ ኃይለኛ የማግኔት ምት ሲያርፍበት ነው ጉልበቱን የሚያገኘው።

ድክመቱ ሙቀት ነው። ለኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ሲሆን ሙቀቱን እንዲቋቋም ዲስፕሮሲየም የተባለ ብረታማ ንጥረ ነገር ይጨመርበታል፤ እሱ ደግሞ ብርቅና ውድ ነው። በትንሽ ዲስፕሮሲየም ለመሥራት የሚለፉትን ተመራማሪዎች ከልቤ አከብራቸዋለሁ።