በግራህ አትንካ

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ይህ ልጅ ወደ እኔ ሲመጣ 7 ዓመቱ ነበር። ቀኝ ክርኑ እንደታጠፈ ነው፣ አውራ ጣቱ መዳፉ ውስጥ ተደብቋል። ሲራመድ የቀኝ እግሩ ተረከዝ መሬት አይነካም። ሴሬብራል ፓልሲ ነው፣ በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር፤ የተጎዳው የአንጎሉ ግራ በኩል ስለሆነ የደከመው ቀኝ ጎኑ ነው።

እናቱ "ገና በ6 ወሩ በግራው ብቻ ነበር የሚይዘው። ግራኝ ነው ብለን ተውነው" አለችኝ። ይህን ቃል ከስንት እናት ሰምቻለሁ! አንድ ሕፃን 1 ዓመት ሳይሞላው አንዱን እጁን ብቻ የሚጠቀም ከሆነ ግራኝ ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። ያኔውኑ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ደህናውን እጅ ለተወሰነ ሰዓት ሸፍኖ የደከመውን በጨዋታ ማሠራት የታወቀ ሕክምና ነው። ለእሱም ይህንኑ አዘዝኩለት። "ግራውን በጓንት ሸፍኚውና በቀኙ ይጫወት፣ በቀን 2 ሰዓት" አልኳት። ኮሪደሩ በሰው ተጨናንቆ ስለነበር በችኮላ ነው የነገርኳት። ጽፌም አልሰጠኋትም።

ከሁለት ወር በኋላ ጣቶቹ ከበፊቱ የተሻለ ይከፈቱ ጀመር። የክርኑን ልኬት ወስጄ በደስታ መዘገብኩ። ከዚያ ስለ ቤት ኑሮው መጠየቅ ጀመርኩ። ማን ያለብሰዋል? ማን ያበላዋል? እናቱ "እኔ ነኝ የማጎርሰው" አለች። የመጀመሪያውን ቀን ቅጽ ገልጬ አየሁ፤ በራሴ እጅ ጽሑፍ "ብቻውን ይበላል" ይላል። ብስኩት ሰጠሁት። ወዲያው በግራው ተቀብሎ በላው። ነገሩ ግራ ገባኝ። እኔ ጋ በራሱ እጅ የሚበላ ልጅ ቤቱ ለምን ይጎርሳል?

በሳምንቱ ቤታቸው ሄድኩ። ምሳ ደርሶ ነበር። አያቱ "ቤት ያፈራውን ሳትቀምሺማ አትሄጂም" አሉኝና ትሪው ዙሪያ ተቀመጥን። ልጁ ግራ እጁን ወደ እንጀራው ላከ። አያቱ እጁን መታ አደረጉት።

"በግራህ አትንካ!"

እጁን ሰብስቦ ጭኑ ሥር ከተተው። አፉን ከፈተ። እናቱ አጎረሰችው። ማንም ምንም አላለም። የየቀኑ ነገር መሆኑ ያስታውቃል። አያቱ ወደ እኔ ዞር አሉ። "አንቺም በግራው አይሥራ ብለሽ የለ? እኔ ድሮም ስናገር የሚሰማኝ አልነበረም።"

የያዝኩት ጉርሻ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

የእኔ 2 ሰዓት ሙሉ ቀን ሆኗል። ፊቱን የሚያጥበው፣ ሱሪውን ዝቅ የሚያደርግለት ሌላ ሰው ነው። ከሰፈር ልጆች ጋር ብይ መጫወትም ትቷል፤ በቀኙ ማስፈንጠር አይችልማ። እኔ ክርኑን በዲግሪ ስለካ ልጁ ቤቱ ውስጥ የነበረውን ችሎታ እያጣ ነበር።

ትምህርት ቤት ሳለሁ ተምሬዋለሁ እኮ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 እ.ኤ.አ. ስለ ጤናና አካል ጉዳት ባወጣው ምደባ ሁለቱ ተለያይተው ነው የተቀመጡት፤ ሰው ሲፈተን ማድረግ የሚችለውና በኑሮው ውስጥ በእርግጥ የሚያደርገው። ስዊድን ውስጥ ተሠርቶ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ማክስ የሚባለው ባለ 5 ደረጃ የእጅ ችሎታ መለኪያም ደረጃውን የሚወስነው ልጁ ክሊኒክ ውስጥ ባሳየው ምርጥ ሙከራ አይደለም። በየዕለቱ ዕቃ እንዴት እንደሚይዝ፣ ልጁን የሚያውቅ ሰው ተጠይቆ ነው። ደረጃውን ሞልቼ ነበር። ግን ማንንም ሳልጠይቅ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ካየሁት ተነስቼ ነው የሞላሁት።

"ጥፋቱ የእኔ ነው እማማ" አልኳቸው። ጓንቱ ለጨዋታ ብቻ እንደሆነ፣ ምግብ ላይና ሽንት ቤት እንደማይደረግ አስረዳሁ። ቀኙ እንደ ግራው እንደማይሆን፣ ግን ጥሩ አጋዥ እንደሚሆን ነገርኳቸው፤ ሳህን ይደግፋል፣ ደብተር ይጫናል፣ ግራው እንጀራ ሲቆርስ ይይዝለታል።

አያቱ አልተቆጡም። አዝነው ነው የመለሱልኝ። "በለቅሶ ቤት፣ በሰርግ ቤት በግራው ሲያነሳ ሰው ምን ይለዋል? አሳዳጊ የበደለው ነው የሚሉት።" መልስ አልነበረኝም። እውነታቸውን ነው፤ እኔ ያላየሁትን ነገር እሳቸው አይተዋል። ልጁ ነገ ከሰው ጋር በአንድ ትሪ መቅረብ አለበት። ሳንስማማ ተለያየን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እናቱ ይዛው መጣች። እሑድ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር አለችኝ። ልጁ ቁርስ ሲያነሳ አንዷ ጎረቤት "ውይ፣ በግራው?" አለች። አያቱ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ መለሱላት።

"ያኛው እጁ ታሟል። ቀኙ ይሄ ነው።"

ልጁ ኪሱ ውስጥ ብይ ይዞ መጥቶ ነበር። የዚያን ቀን ልኬት አልወሰድኩም፤ ወለሉ ላይ አብሬው ተቀመጥኩ። በቀኙ መሬቱን ተደግፎ በግራው አስፈነጠረና የእኔን መታ።