እንኳን አደረሳችሁ፦ ስለ አስማትና ስለ አማልክት ቲዎሪ ለምታወጡ ሁሉ

በሐዋሳም በሌላ ከተማም ሆናችሁ ወፋፍራም የፋንታሲ መጻሕፍት የምታነቡ፣ ከዚያም «ይህ አስማት ከየት መጣ? ያ አምላክ እውነት አለ ወይ?» እያላችሁ እስከ እኩለ ሌሊት የምትከራከሩ ወዳጆቻችን፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ፣ ከ2017 ወደ 2018 ዓ.ም. በሰላም አሸጋገራችሁ! ዝናቡ ጋብ ብሏል፣ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ሥራ የሚጠራው ሰው የለም። ለረጅም ክርክር ከእንቁጣጣሽ የተሻለ ቀን የለምና የዘንድሮ የበዓል መልእክታችን ስለዚሁ ይሁን። «ሚስትቦርን»ን ወይም የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን መጻሕፍት ገና ያልጨረሳችሁ ግን ሰላምታችንን ተቀብላችሁ እዚህ ላይ ብታቆሙ ይሻላል፤ ከዚህ በኋላ ትልልቅ ምስጢሮች ይወጣሉ። የመጻሕፍቱን ዓመታት የምንጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ከተማችን ሐዋሳ ሁለት አዲስ ዓመት አላት። የሁለቱም ዘመን አቆጣጠር የየራሱ ጥበብ አለው። በእንቁጣጣሽ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ አስልተው ያውጃሉ። 5500 ዓመተ ፍዳ ከ2018 ዓመተ ምሕረት ጋር ሲደመር 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ ሁለተኛው ወንጌላዊ ማርቆስ ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ 132፣ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ አበቅቴ 12። 12 በ19 ተባዝቶ 228፣ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ መጥቅዕ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሞሉ አንድ ቦታ ላይ ተሳስተናል ማለት ነው፤ ሞልተዋል። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ይውላል፤ ዕለቱ እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ (ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር) 7 ሲጨመር መባጃ ሐመር 25 ይሆናል፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ይገባል። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመርበት 34፣ ሠላሳው ሲገደፍ 4፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። ሕጉን የተማረ ሁሉ፣ ሰማይ ቀና ብሎ ሳያይ፣ እርሳስና ወረቀት ይዞ እዚሁ ይደርሳል።

በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ አዲስ ዓመት ፊቼ ጫምባላላ ግን ቀኑ የሚቆረጠው በሌላ ጥበብ ነው። አያንቶዎች የተባሉት የሰማይ ተመልካቾች ጨረቃንና ከዋክብትን ይከታተላሉ፣ ቀኑን ይወስናሉ፣ ውሳኔያቸው ለጎሳዎቹ ይነገራል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው የሠለጠነ ዓይንና ትዕግሥት ነው።

የፋንታሲ ዓለማትም እንዲሁ ናቸው። አንዳንዱ ደራሲ አስማቱን በሕግ ይሠራዋል፣ አንባቢውም ያሰላል። ሌላው በምልክት ይሠራዋል፣ አንባቢው ደግሞ እየተመለከተ ይጠብቃል። ከምናያቸው ጭቅጭቆች የሚበዙት የሚነሡት የስሌት ዓለምን በምልክት፣ የምልክት ዓለምን በስሌት ለመፍታት ከመሞከር ነው።

ከስሌቱ እንጀምር። በብራንደን ሳንደርሰን «ሚስትቦርን» ሦስት መጻሕፍት (ከ2006 እስከ 2008) አስማተኛው የብረታ ብረት ቅንጣት ውጦ በሆዱ ውስጥ ያነደዋል። ብረት ያነደደ በዙሪያው ያለውን ብረታ ብረት ወደ ራሱ ይስባል፤ አረብ ብረት ያነደደ ይገፋል። ነሐስ ያነደደ ሌላው አስማት ሲጠቀም ይሰማዋል፤ መዳብ ያነደደ ከዚህ ጆሮ ይሸሸጋል። የሚገፋው ነገር ከገፊው ከቀለለ ነገሩ ይበራል፤ ከከበደ ገፊው ራሱ ወደ ኋላ ይወረወራል። ሳንቲም መሬት ላይ ጥሎ የገፋ ሰው ወደ ሰማይ የሚስፈነጠረው ሳንቲሙ መሬቱን ሰርስሮ መሄድ ስለማይችል ነው። እንግዲህ አንድ ሰው «ጀግናዋ በአየር ላይ ሰንጥቃ ከዚያኛው ከተማ ትደርሳለች» የሚል ቲዎሪ ሲያመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከሥሯ የምትገፋው ምን ብረት አለ?» መሆን አለበት። መልስ ከሌለ ቲዎሪው እዚያው አበቃ።

እንዲህ ባለ ዓለም አማልክቱም ከሕግ አያመልጡም። ሩይን የተባለው የጥፋት አምላክ የተጻፈን ቃል መለወጥ ይችላል፤ በብረት ላይ የተቀረጸውን ግን አይችልም። በሁለተኛው መጽሐፍ የአንድ ጥንታዊ ሰው ምስክርነት የተቀረጸበት የብረት ሰሌዳ እንዳለ ሲቆይ፣ ከእሱ ላይ በወረቀት የተወሰደው ግልባጭ ተለወጠ። በተለወጠው ትንቢት ያመኑት ጀግኖች ታስሮ የነበረውን ሩይንን በገዛ እጃቸው ፈቱት። ይህ ለቲዎሪ አውጪ ትልቅ ትምህርት ነው፤ «መጽሐፉ ላይ ተጽፏል» ማለት ብቻውን አይበቃም፣ ማን ጻፈው፣ በምን ላይ ጻፈው፣ ማን ሊነካው ይችል ነበር የሚለው አብሮ ይመዘናል። የዋናዋ ባለታሪክ የቪን የጆሮ ጌጥም እንዲሁ ነው። ሰውነትን የወጋ ብረት ለመግፋትና ለመሳብ እንደሚያስቸግር ገና በመጀመሪያው መጽሐፍ ይነገረናል። ብዙዎቻችን ይህን የውጊያ ዝርዝር ብቻ አድርገን አለፍነው። የሦስተኛው መጽሐፍ ምስጢር ግን እዚያው ነበር፤ ሩይን በሰው ጆሮ የሚያንሾካሹከው ሰውነትን በወጋ ብረት በኩል ነው።

ከሁሉ የምንወደው ግን ቁጥሩን ነው። ጭጋጉ የሚያሳምማቸው ሰዎች በሦስተኛው መጽሐፍ ሲቆጠሩ ምንጊዜም ከመቶ 16 ናቸው። ተራ በሽታ ቢሆን በአንዱ ሠራዊት ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ይል ነበር። ያልተናወጠው ቁጥር ራሱ መልእክት ነው፤ የአስማቱ ብረቶችም 16 ናቸው፣ ምልክቱን የተወውም ፕሪዘርቬሽን የተባለው የመጠበቅ አምላክ ነው። በስሌት ዓለም ውስጥ ተደጋግሞ የሚመጣ ቁጥር ስታዩ አትለፉት።

ይህን ልማድ ይዛችሁ ወደ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» መጻሕፍት ከሄዳችሁ ግን ትቸገራላችሁ። እዚያ ማንም ሕጉን አይነግራችሁም፤ የሚያውቀውም ሰው ያለ አይመስልም። በሁለተኛው መጽሐፍ (1998) ለጦርነት የሚሆን አስማታዊ እሳት የሚያዘጋጁት ሰዎች አለቃ ሃላይን ምርታቸው ከታሰበው በላይ መብዛቱን ከዋና ባለታሪኮቹ አንዱ ለሆነው ለቲሪየን ይነግረዋል። ድግምታቸው ከቀድሞው ይልቅ እየሠራ መሆኑ ገርሞት፣ የሆነ ቦታ ድራጎን ታይቶ እንደሆነም ይጠይቃል። አንባቢው በመጀመሪያው መጽሐፍ (1996) መጨረሻ ሦስት ድራጎኖች መፈልፈላቸውን ያውቃል። «ድራጎኖቹ አስማትን ወደ ዓለም መለሱት» የሚለው ዝነኛ ቲዎሪ ትልቁን ጉልበት የሚያገኘው ከዚህ ነው።

አሁን ቅደም ተከተሉን በወረቀት ላይ አስቀምጡት። ከግንቡ ማዶ ያሉት የበረዶ ፍጡራን በመጀመሪያው መጽሐፍ መቅድም ላይ ሰው ገድለዋል። ልጁ ብራን ከማማ ላይ ወድቆ ራሱን በሳተበት ጊዜ ባለሦስት ዓይኑን ቁራ በሕልሙ አይቷል። ጠንቋይዋ ሚሪ ማዝ ዱር በጎሳ መሪው በድሮጎ ድንኳን ውስጥ የደም ሥርዓቷን ፈጽማለች። ቀዩ ጅራታም ኮከብ ወጥቷል። ዕንቁላሎቹ የተሰበሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በኋላ የመጣ ነገር ለፊተኛው ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ቲዎሪው በዚያ ስፋቱ ይወድቃል። ጨርሶ መጣል ግን የለበትም፣ ማጥበብ ነው። «ድራጎኖች በዓለም ሲኖሩ የእሳት አስማት ይጠነክራል» ቢባል ሃላይን ይደግፈዋል፤ በቃርት ከተማ እሳት አስማተኛው የበረታው በድራጎኖቹ ባለቤት በዴኔሪስ ምክንያት ነው የምትለው ኩዌይዝ የተባለች ሴትም ትመሰክርለታለች። ይህም ቢሆን ፈተና አለበት፤ በአምስተኛው መጽሐፍ (2011) የእሳቱ አምላክ ካህን ሜሊሳንድሬ በግንቡ ላይ ኃይሏ በአሻይ ከተማ ከነበረው እንኳ እንደበረታ ትናገራለች፣ ድራጎኖቹ ግን ከዚያ እጅግ ሩቅ ናቸው። እንግዲህ ቦታም ድርሻ አለው ወይም ከድራጎኖቹም ከኮከቡም ጀርባ ሌላ ሦስተኛ ምክንያት አለ። እኛ ወደ ሦስተኛው ምክንያት እናዘነብላለን፤ ኮከቡን ግን ምክንያት ሳይሆን ምልክት ነው ብለን እናስባለን።

ስለ ቅደም ተከተል ካነሣን አንድ ወጥመድ አለ። አራተኛውና አምስተኛው መጽሐፍ የተከፈሉት በባለታሪክ እንጂ በጊዜ አይደለም፤ የአምስተኛው የመጀመሪያ ክፍል ከአራተኛው ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። የምዕራፍ ቁጥርን እንደ ቀን መቁጠሪያ የወሰደ ሰው «ይህ ከዚያ በኋላ ሆነ» እያለ የተሳሳተ ግንብ ይገነባል።

ወደ አማልክቱ ስንመጣ ትልቁ ጥንቃቄ የታየውን ከተተረጎመው መለየት ነው። ሜሊሳንድሬ በእሳቱ ውስጥ ግራጫ የለበሰች ልጅ በሚሞት ፈረስ ላይ አየች፤ የብራን እኅት አርያ ናት አለች። የመጣችው አሊስ ካርስታርክ ናት። ራእዩ ልክ ነበር፣ ፍችው ነው የተሳሳተው። ስለዚህ የእሷን ቃል ስትጠቅሱ ያየችውን በአንድ በኩል፣ የደመደመችውን በሌላ በኩል ጻፉ። በተሳሳተ ፍች ላይ የተሠራ ቲዎሪ ስንት እንዳለ ስታዩ ትገረማላችሁ።

የሜሊሳንድሬን አምላክ የሚያገለግለውን ሌላውን ካህን ቶሮስን እንውሰድ። ለሙታን የሚሰጠውን የመጨረሻውን መሳም ለሞተው ባላባት ለቤሪክ የሰጠው የካህናቱ ልማድ ስለሆነ ነው፤ እምነቱ ያን ጊዜ ቀዝቅዞ ነበር፣ ሰውየው ይነሣል ብሎም አልጠበቀም። ቤሪክ ተነሣ፤ ስድስት ጊዜም ሞቶ ተነሣ። በተነሣ ቁጥር ግን ከትዝታው ይጎድላል። በመጨረሻም የራሱን ሕይወት ለሞተችው የብራን እናት ለኬትሊን አሳልፎ ሰጠ። ከዚህ በእርግጠኝነት የምናውቀው ሥርዓቱ እንደሚሠራና ዋጋ እንደሚያስከፍል ነው። የሠራው የእሳቱ አምላክ ሬህሎር ራሱ ነው ወይስ እሳትና እስትንፋስ በዚያ ዘመን የየራሳቸው ኃይል ስላላቸው ነው የሚለው አልተነገረም። ከብረት ደሴቶቹ ጋር አነጻጽሩት፤ የሰመጠው አምላክ ካህን ኤሮን ሰዎችን ባሕር ውስጥ ያሰምጣል፣ ከዚያ በአፉ እየተነፈሰ ይመልሳቸዋል። ያ የመጀመሪያ ርዳታ የሚሰጥ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ሁለቱን «ትንሣኤ» ብሎ በአንድ ከረጢት መክተት ሁለቱንም ያበላሻል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን የብራን ነገር ነው። በአምስተኛው መጽሐፍ ብራን በነጩ ዛፍ ዓይን ወደ ኋላ ዘመን ሲያይ አባቱን ኔድን ከዛፉ ሥር ያገኘዋል፤ ይጠራዋልም። ኔድ ቀና ብሎ ማን እንዳለ ይጠይቃል። አባትየው የሰማው ነገር ካለ፣ ወይ ነፋስ ነው ይላል ወይ የጥንቶቹ አማልክት ድምፅ። እኛ ግን ልጁ እንደሆነ እናውቃለን። «የጥንቶቹ አማልክት በዛፎቹ ውስጥ የገቡት ባለራእዮች ናቸው» የሚለው ቲዎሪ ከአምላክ ቲዎሪዎች ሁሉ ጠንካራው የሆነው ለዚህ ነው፤ በካህን ስብከት ላይ ሳይሆን አንባቢው በዓይኑ ባየው ድርጊት ላይ ቆሟል። ይህን ሁሉ አይተን «አማልክቱ ፈጽሞ የሉም» ማለትም «እውነተኛው ሬህሎር ብቻ ነው» ማለትም ማስረጃው ከሚያደርሰው በላይ መሄድ ይመስለናል።

ከፊልሙ የመጣ ነገርም ለይታችሁ ያዙ። እስከ 2019 የቆየው ተከታታይ ፊልም ውስጥ ያለው ናይት ኪንግ በመጻሕፍቱ ውስጥ የበረዶ ፍጡራን መሪ ሆኖ አልመጣም፤ እዚያ ያለው ተመሳሳይ ስም የያዘ የጥንት አፈ ታሪክ ነው።

በዚህ በዓል ቲዎሪ መጻፍ ለምትፈልጉ፣ እንዲህ ብታደርጉ ይሳካላችኋል። መጀመሪያ ሐሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ በአንድ ካልተጻፈ ሁለት ቲዎሪ ነው፣ ለዩት። ከሥሩ «ይህ ከተገኘ ቲዎሪዬን እተዋለሁ» የምትሉትን ነገር፣ መጽሐፉን እንደገና ከመክፈታችሁ በፊት አስፍሩ፤ ከከፈታችሁ በኋላ ከሆነ እጃችሁ ሳታውቁት ያላላዋል። ከዚያ ማስረጃውን ከነምዕራፉ አስገቡ፤ እያንዳንዱም ተራኪው ያሳየው ድርጊት ነው፣ ባለታሪክ የተናገረው ነው ወይስ ደራሲው ከመጽሐፉ ውጭ የመለሰው ነው የሚለውን ምልክት አድርጉበት። አንድ ሰው አምስት ጊዜ የደጋገመው ቃል አንድ ምስክር እንጂ አምስት አይደለም። በስም መመሳሰል ብቻ የቆመውን ማስረጃ መጨረሻ ላይ አድርጉት። ትዕግሥትም ያዙ፤ በ«ዊል ኦፍ ታይም» ተከታታይ አምስተኛ መጽሐፍ (1993) አስሞዲያን የተባለውን ባለታሪክ ማን ገደለው የሚለው ክርክር የተዘጋው በ2010፣ በአሥራ ሦስተኛው መጽሐፍ ጀርባ ባለው የቃላት መፍቻ ነው። ገዳይዋ ግሬንዳል ነበረች።

አንድ ነገር በትሕትና እንጨምር። እማማ ወይም እትዬ ቡና እያፈሉ ከሆነ፣ የምታወሩት ደራሲ ስለፈጠራቸው አማልክት እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። በበዓል ቀን «አምላክ ሞተ፣ ሌላው ተተካ» የሚል ወሬ ድንገት መስማት ለአማኝ ሰው ቀላል አይደለም፤ ክርክራችንም የማንንም እምነት ለመንካት አይደለም።

የማርቲን ስድስተኛ መጽሐፍ ገና አልወጣም፤ እስከዚያ ያለውን ደግመን እናንብብ። ከዛሬ እስከ መስቀል ባሉት ቀናት የመጀመሪያውን መጽሐፍ መቅድም፣ ሃላይን ከቲሪየን ጋር የሚነጋገርበትን፣ በአምስተኛው መጽሐፍ ያለችውን የሜሊሳንድሬ ብቸኛ ምዕራፍና የብራንን የመጨረሻ ምዕራፍ በዚህ ቅደም ተከተል ብታነቡ ስለ እሳት፣ ስለ በረዶና ስለ ዛፎቹ የምትሉት ይኖራችኋል። አንዷን ዓረፍተ ነገራችሁን፣ ከሚጥላት ማስረጃ ጋር፣ ላኩልን፤ እናነባለን፣ እንመልሳለን። ከነቤተሰባችሁ መልካም እንቁጣጣሽ፣ ዘመኑ የጤና ይሁንላችሁ።